ከመጀመሪያዋ ማንኪያ በፊት፦ መዋጥ ያቃተውን አዋቂ ሕመምተኛ በሐዋሳ ሆስፒታሎች መንከባከብ

በሐዋሳ ሆስፒታሎች ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል በምግብ ሰዓት የገባ ሰው ማንኪያውን ማን እንደያዘ ያያል። ሚስት ናት፣ ልጅ ናት፣ ወይም ከአለታ ወንዶ ሕመምተኛውን ተከትሎ የመጣ ወንድም ነው። ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ደም ግፊት ትለካለች፣ ካርድ ትሞላለች፤ ምግብና መጠጥ ግን የአስታማሚ ሥራ ተደርጎ ተትቷል። ለአብዛኛው ተኝቶ ታካሚ ይህ ጉዳት የለውም። ስትሮክ መትቶት ግማሽ ፊቱ ለወደቀና ምላሱ ለተሳሰረ ሰው ግን የመጀመሪያዋ ማንኪያ አጥሚት ወደ ሆዱ ትውረድ ወደ ሳንባው ማንም ሳያረጋግጥ ትሰጠዋለች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይነሣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ራጅ ላይ የሳንባ ምች ይታያል። ቤተሰቡ በሽታው እንደጠናበት ያስባል። ብዙ ጊዜ የሳንባ ምቹ የመጣው ግን ትን ካለው ምግብና ምራቅ ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ ለማንኛውም የስትሮክ ሕመምተኛ በአፉ ምንም ነገር፣ ኪኒንም ቢሆን፣ መሰጠት የለበትም። ፈተሻው የነርስ ሥራ ነው፤ የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ በአገራችን በጣም ጥቂት ስለሆነ እስኪመጣ የሚጠበቅ ሰው የለም። ውጤቱ ደግሞ ካርድ ላይ መጻፉ አይበቃም፤ ማንኪያውን የያዘው ሰው እጁ ላይ እስኪታይ ድረስ ሥራው አላለቀም።

ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የሚቸገረው ሰው ብዛት እንደ ፈተሻው ዓይነት ይለያያል። በዓለም አቀፍ ጥናቶች ከ37 እስከ 78 በመቶ ተመዝግቧል፤ ዝቅተኛው ቁጥር የተገኘው በቀላል የአልጋ ዳር ፈተሻ፣ ከፍተኛው በመሣሪያ ሲታይ ነው። የነርሶች ሥራ ለውጥ እንደሚያመጣ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ጠንካራው ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ይህ ጥናት በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተካሄደ ሲሆን፣ ነርሶች በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ትኩሳትንና የደም ስኳርን እንዲከታተሉና እንዲቆጣጠሩ፣ መዋጥን ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲፈትሹ የሚያደርግ ሥርዓት የተዘረጋባቸውን ክፍሎች ከሌሎቹ ጋር አነጻጸረ። ከ90 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም የሰው ጥገኛ ሆነው የቀሩት ሥርዓቱ ባለባቸው ክፍሎች 42 በመቶ፣ በሌሎቹ 58 በመቶ ነበሩ። አዲስ መድኃኒትም ውድ ማሽንም አልገባም። ቴርሞሜትር፣ የስኳር መለኪያ፣ ማንኪያና የተጻፈ ሥርዓት ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ለአዳሬ ሆስፒታልም የሚከብዱ አይደሉም።

ምን ይበላሻል

ጤነኛ ሰው ሲውጥ ትንፋሹ ለአፍታ ይቆማል፣ ማንቁርቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይገጥማሉ፣ የማንቁርቱ ክዳን ይደፋል፤ ምግቡም ከኋላ ወዳለው የምግብ ቧንቧ ይገባል። ጉሮሮ ላይ የሚሆነው ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጀው። ከ20 በላይ ጥንድ ጡንቻዎችና ከአንጎል የሚወጡ አምስት ጥንድ ነርቮች ተናበው ይሠሩታል። ስትሮክ መናበቡን ያዘገየዋል። ውሃ ፈጣን ስለሆነ ማንቁርቱ ሳይዘጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቤተሰብ ምንም አይልም ብሎ የሚያስበው ውሃ፣ ሻይና ቡና ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከሁሉም የሚያሰጉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። ሰው ትን ሲለው ያስላል ብለን እናምናለን፤ ስትሮክ ግን የጉሮሮን ስሜት ጭምር ሊያደነዝዝ ይችላል። ምግብ ወደ አየር ቧንቧቸው ከሚገባባቸው የስትሮክ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ጨርሶ አያስሉም። ስለዚህ «ሰጠሁት፣ አላሳለም፣ ደህና ነው» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ሳል ባይኖርም የሚታዩ ምልክቶች አሉ፤ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ይሆናል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ በደከመው ጉንጭ ምግብ ተወትፎ ይገኛል፣ አንድ ሰሐን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ማታ ማታ የሚነሣ ቀላል ትኩሳትም ከዚሁ ይቆጠራል። የቀኙ የአየር ቧንቧ ከግራው ሰፋና ቀጥ ያለ በመሆኑ ተቀምጦ ለበላ ሰው ስቴቶስኮፑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ የቀኝ ሳንባ ታችኛው ክፍል ነው።

በስፓቱላ ጉሮሮን ነክቶ «አቅለሸለሸው፣ ስለዚህ ይውጣል» ማለት አሁንም በየክፍሉ ይሠራበታል። መቅረት አለበት። ሲነኩት የማያቅለሸልሸው ጤነኛ ሰው ብዙ ነው፤ እያቅለሸለሸው ትን የሚለውም እንዲሁ።

አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከሐዋሳ አጠገብ ካለችው ሻሸመኔ ጀምሮ በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። መጀመሪያ እንጀራና ሥጋ፣ ከሳምንታት በኋላ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃም «ደረቴ ላይ ቆመ» የሚልና የከሳ ሰው የስትሮክ ዓይነት የመዋጥ ችግር የለበትም። አቀማመጥ ማስተካከልና መጠጥ ማወፈር አይረዱትም፤ ሳይውል ሳያድር ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ፣ ያስፈልገዋል። አፉ ውስጥ ነጭ ንጣፍ ያለበትና ሲውጥ የሚያቃጥለው፣ በተለይ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው፣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገርለታል። ከዚህ በታች የምንለው ጉሮሮው ላይ መዋጥ ያቃተውን፣ ማለትም የስትሮክ፣ የፓርኪንሰን፣ የአንጎል ጉዳትና ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የመተንፈሻ ቱቦ ወጥቶለት የተመለሰውን ሕመምተኛ ይመለከታል።

ፈተሻው

ከማንኪያው በፊት አምስት ነገር ይታያል። ሕመምተኛው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ነቅቶ መቆየት ይችላል? ተደግፎም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቀመጣል? ሲታዘዝ ያስላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል? የራሱን ምራቅ ይውጣል ወይስ በከንፈሩ ጥግ ይዝረበረባል? «አ…» ሲል ድምፁ ጥርት ያለ ነው? አንዱ ከጎደለ ፈተሻው እዚያው ይቆማል፤ በአፍ ምንም አይሰጥም፣ በሚቀጥለው ፈረቃ እንደገና ይታያል። እያንቀላፋ ያለን ሰው በስሙ እየጠሩ ማብላት አደገኛ ነው፤ ሲጠሩት ለሚነቃባቸው አሥር ሰከንዶች ይውጣል፣ በአሥራ አንደኛው ምግቡ አፉ ውስጥ እንዳለ መልሶ ይተኛል።

አምስቱ ከተሟሉ አፉ ይጸዳል። በቆሸሸ አፍ መፈተሽ ጀርሙን አብሮ ወደ ሳንባ ማውረድ ነው። ከዚያ ለነርስ ከተዘጋጁት ፈተሻዎች አንዱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኦስትሪያ የወጣውና «ገስ» በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ባለ 20 ነጥብ ፈተሻ ለእኛ ሁኔታ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ የሚጀምረው ከሚያሰጋው ውሃ ሳይሆን ከወፈረው ነውና። መጀመሪያ የሻይ ማንኪያ ሲሶ ወይም ግማሽ የሚሆን እንደ እርጎ የወፈረ ነገር ይሰጣል፤ ምንም ካልታየ እስከ አምስት ጊዜ ይደገማል። ይህን ካለፈ ውሃ በ3፣ በ5፣ በ10፣ በ20 ሲሲ፣ በመጨረሻ 50 ሲሲ። ያንንም ካለፈ ቁራሽ ዳቦ። በየእርከኑ አራት ነገር ይታያል፤ ዋጠ? ሳለ? ምራቁ ተዝረበረበ? ድምፁ ተለወጠ? ፈሳሽና ወፍራም ነገር ለመዋጥ ከ2 ሰከንድ በላይ፣ ዳቦ ከ10 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት ዘግይቷል ይባላል። ሳሉ ወዲያው ላይመጣ ስለሚችል እስከ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተረኛዋ ነርስ በችኮላ የምትዘለው ይህችን መጠበቅ ነው። 20 ነጥብ ያገኘ እንደወትሮው ይበላል፣ ከ15 እስከ 19 መጠነኛ ጥንቃቄ ይሻል፣ ከ10 እስከ 14 በወፈረ ምግብ ይጀምራል፣ 9ና ከዚያ በታች ያገኘ በአፉ አይወስድም።

በምርመራው ወቅት ጣትን በማንቁርቱ ላይ ቀለል አድርጎ ማሳረፍ ከዓይን ይሻላል። ሲውጥ ማንቁርቱ ሽቅብ ሲነሣ በጣት ይሰማል፤ ሳይነሣ አፉ ባዶ ከሆነ ምግቡ ሳይዋጥ እየተንሸራተተ ወርዷል ማለት ነው። በጣት የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 ወይም 95 ማንበብ ብቻውን አያስደነግጥም። መታየት ያለበት ከመብላቱ በፊት ከነበረው መውረዱ ነው።

ጉርሻና አቀማመጥ

ጉርሻ የፍቅራችን መገለጫ ነው፤ መዋጥ ላቃተው ሰው ግን ሁሉ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ትልቅ ነው፣ በጣት ተገፍቶ ወደ ኋላ ይገባል፣ አጉራሹ ቆሞ ጎራሹ ተኝቶ ስለሚሆን አገጭ ወደ ላይ ይቀናል። አገጭ ሽቅብ ሲል የአየር ቧንቧው አፍ ይከፈታል፣ ምግቡም በክብደቱ ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው ይከተላል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላልና። ነርሷ አስታማሚውን «አታጉርሱ» ብላ ብቻ ብትሄድ ሰሚ አታገኝም። በጉርሻው ፋንታ የሚሠሩትን ማሳየት አለባት።

ሕመምተኛው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ካልሆነ የአልጋው ራስጌ እስከ መጨረሻ ይነሣል፣ ከጀርባው ትራስ ይገባል። ብዙ አልጋዎቻችን ራስጌያቸው ቢነሣም ሕመምተኛው ወደ ግርጌ ተንሸራትቶ ወገቡ ይጎብጣል፣ ሆዱ ይታጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ላይ ተስቦ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረግለታል። የሚያበላው ሰው ቁጭ ይላል፤ ዓይን ለዓይን እኩል ሲሆኑ የሕመምተኛው አገጭ በራሱ ዝቅ ይላል። የሻይ ማንኪያ እንጂ የሾርባ ማንኪያ አይያዝም፤ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ከታች በኩል ይመጣል፣ ደህና በሆነው ጎን ይገባል። ማንቁርቱ እስኪነሣ ይጠበቃል፣ አንዴ በባዶው እንዲውጥ ይነገረዋል፣ አፉን ከፍቶ የደከመው ጉንጭ ይታያል፣ «አ» ይባላል። ድምፁ ጥርት ካለ ቀጣዩ ማንኪያ ይመጣል። በጉሮሮው በአንዱ ጎን ብቻ ለደከመ ሰው ፊቱን ወደ ደከመው ጎን ማዞር ይጠቅማል፤ ያ ወገን ይጠብና ምግቡ በጤነኛው በኩል ይወርዳል። አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት ለሁሉም አይሠራም፤ ሞክሮ ድምፁንና ሳሉን ማየት ነው።

ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ጠያቂ ሲበላ አያናግረውም። ከ30 ደቂቃ በላይ የወሰደ ምግብ ይቆማል፤ የደከመ ጡንቻ ከምግቡ መጨረሻ ላይ ነው የሚስተው። ከዚያ ይልቅ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ በጥቂቱ ይመገባል። ከበላ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ምሳ በልቶ ወዲያው ራስጌው የሚወርድለት ሕመምተኛ በየክፍሉ አለ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንሶላ መቀየሪያ ሰዓት ከምሳ ጋር መጋጠሙ ነው፣ ሰዓቱን ማዛወር ይበቃል።

ውፍረቱ፣ ከአጥሚት እስከ ቡላ

በውጭ አገር ለመጠጥ ማወፈሪያ የተዘጋጀ ዱቄት አለ። እዚህ ለብዙ ቤተሰብ የሚገኝ ስላልሆነ ሥራው የሚሠራው በማዕድ ቤታችን ባለው ነው። ዓለም አቀፉ የውፍረት መለኪያ ከ0 እስከ 7 ደረጃ ያለው ሲሆን፣ ፈሳሹን ለመለካት የሚያስፈልገው በየክፍሉ ያለው የ10 ሲሲ ሲሪንጅ ብቻ ነው፤ ከ0 እስከ 10 ያለው የሲሪንጁ ምልክት ርዝመት 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይታይ፣ አጭርና ወፍራም ሲሪንጅ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ፕላንጀሩ (መግፊያው) ይወጣል፣ ጫፉ በጣት ይደፈናል፣ እስከ 10 ይሞላል፣ ጣቱ ለ10 ሰከንድ ይለቀቅና መልሶ ይደፈናል። የቀረው ከ1 ሲሲ በታች ከሆነ ቀጭን ነው፣ እንደ ውሃ። ከ1 እስከ 4 ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ጥቂት ከወረደ ደረጃ 3። ምንም ካልወረደ ደረጃ 4 ነው፣ በማንኪያ የሚበላ።

አጥሚት በዚህ ሲለካ ሁለት ባሕርይ ያሳያል። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ስለዚህ የሚለካው በሚጠጣበት ሙቀት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አጥሚት የሚወፍረው በስታርች ነው፣ ምራቅ ደግሞ ስታርችን የሚፈታ ኢንዛይም አለው። ከሕመምተኛው አፍ የወጣ ማንኪያ ወደ ኩባያው በተመለሰ ቁጥር ምራቅ ይገባል፤ ሲጀመር ደረጃ 3 የነበረ አጥሚት ቆየት ሲል ቀጥኖ ይገኛል፣ ሕመምተኛውም መጨረሻ ላይ ትን ማለት ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከትልቁ ኩባያ በንጹሕ ማንኪያ ጥቂት ጥቂት ወደ ትንሽ ስኒ እየቀዱ ከስኒው ማብላት። ተልባ በዚህ ይበልጠዋል፤ የሚወፍረው በስታርች ስላልሆነ ምራቅ አያቀጥነውም። ገለባው ጉሮሮ ላይ ስለሚለጠፍ ግን በደንብ መጠለል አለበት። በውሃ የተበጠበጠ በሶ አይሆንም፣ ከላይ ቀጭን ውሃ ከታች እብጥ ዱቄት ሆኖ ይለያያል።

ሲዳማ ቡላ አለው፤ ሐዋሳ ላይ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ሆኖም ለጤነኛ ሰው እንደሚሠራው ጥብቅ ያለ የቡላ ገንፎ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። መፈተኛው ማንኪያውን ማዘንበል ነው፤ ገንፎው ቅርጹን ይዞ ማንኪያው ላይ መቆም፣ ሲያዘነብሉት ደግሞ ብዙም ሳይለጠፍ ተንሸራትቶ መውደቅ አለበት። ተጣብቆ ከቀረ በወተት ወይም በቅቤ ይላላል። በጾም ዘይት ይተካዋል። ከአካባቢው የሚመጣው አቮካዶ በሹካ ተፈጭቶ ወይም ወፍራም ጁስ ሆኖ ጉልበትም ውፍረትም ይሰጣል። ጠበቅ ያለ ሽሮ ውስጥ ረጥቦ የላመ እንጀራ በሹካ ሲጫኑት ከተፈጨ ይሆናል፤ የተረፈ ቀጭን ፈሳሽ ከተኛበት ግን አይሆንም። ለአዋቂ ደረጃ 5 ማለት ቁርጡ ከ4 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የተራ ሹካ ጥርስ ክፍተት የሚያሳልፈው ነው፤ ደረጃ 6 ደግሞ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና በሹካ የሚፈጭ።

ፈሳሽና ጠጣር የተቀላቀለበት ምግብ ከሁሉም ይከብዳል፤ ፓስታ ያለበት ሾርባ፣ ፍርፍር ከነመረቁ፣ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል የመጣ የዓሣ ሾርባ። አፍ ጠጣሩን ሲያላምጥ ፈሳሹ ቀድሞ ይሸሻል። ዓሣው ራሱ ግሩም ምግብ ነው፤ ተቀቅሎ አጥንቱ በጣት ተዳስሶ ይለቀማል፣ በመረቁ ረጥቦ ይፈጫል። ቆሎ፣ ቂጣ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ጥብስና ቆጮ ለጊዜው ይቆያሉ።

ማወፈርን እንደ ፈውስ ማየት ሌላው ስህተት ነው። የወፈረ መጠጥ ትንታን ይቀንሳል፤ የሚጠጣው መጠን ግን ይወርዳል፣ ውሃ እጥረት ይመጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ወደ 1.8 ሊትር ፈሳሽ ይፈልጋል። በ5 ሲሲ የሻይ ማንኪያ ይህ 360 ማንኪያ ነው፤ ከምግቡ የሚያገኘው ቢቀነስ እንኳ ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ የገባውና የወጣው በመዝገብ ይያዛል፣ የሽንቱ ቀለም ይታያል። «ጉሉኮስ ተሰክቶለታል፣ አይራብም» የሚለውም መታረም አለበት። አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ብቻ የያዘ ነው፣ ከ170 እስከ 200 ኪሎ ካሎሪ። ያው ሰው በቀን ከ1,500 እስከ 1,800 ይፈልጋል። ባለ አንድ ሊትር ሦስት ከረጢት ሲሶውን ያህል ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ የለበትም። በስትሮክ የመጀመሪያ ቀናት ስኳሩ ራሱ ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰቀልም።

የጠበል ጉዳይ በየአልጋው ይነሣል። ጠበል ቀጭን ውሃ ነው፤ መከልከል ደግሞ ቤተሰቡን ተደብቆ ወደ ማጠጣት ይገፋዋል፤ በድብቅ የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው እንደተኛ በብርጭቆ ነው። በግልጽ መነጋገር ይሻላል። «እማማ፣ ለዛሬ በአፋቸው አይሰጣቸውም፤ ፊታቸውንና ከንፈራቸውን ያርጥቡላቸው፣ መዋጥ ሲጀምሩ እኔው ራሴ በማንኪያ አብሬዎት እሰጣቸዋለሁ» ያለች ነርስ ትደመጣለች።

አፍ፣ ቱቦ፣ ኪኒን

የሳንባ ምች እንዲመጣ ትንታ ብቻውን አይበቃም፤ ትን ያለው ነገር ጀርም የተሞላ መሆን አለበት። የሚያበላውም ሆነ አፉን የሚያጸዳለት ሌላ ሰው የሆነ፣ ጥርሱ የበሰበሰ ሕመምተኛ ይበልጥ እንደሚያዝ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከጃፓን የወጣ በአረጋውያን መጦሪያዎች የተሠራ ጥናት ከየምግቡ በኋላ ጥርስ መቦረሽ የሳንባ ምችን እንደቀነሰ አሳይቷል። በክፍሎቻችን የአፍ ንጽሕና መጨረሻ ላይ የሚታወስ ሥራ ነው። ሆኖም ከሁሉም በርካሹ የሚሠራ መከላከያ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ባቄላ የማያህል ጥቂት የጥርስ ሳሙና፣ ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ወይም በጎኑ ተኝቶ፤ ጥርስ፣ ድድ፣ ምላስና የጉንጭ ውስጥ ይቦረሻል፣ በእርጥብ ጎዝ ይጠረጋል፣ ካለ ሰክሽን (ምራቅ መሳቢያ) ይጠቀማሉ። ውሃ አፉ ውስጥ አይፈስም። የመፋቂያ ስንጥር ተሰብሮ ስለሚቀር ለእርሱ አይመረጥም። በአፉ የማይበላ ሰው አፉ ይበልጥ ይደርቃል፣ ይቆሽሻል፤ በቱቦ የሚመገበውም ምራቁ ትን ይለዋልና ይህ ሥራ ለእርሱም ይቀጥላል።

በአፍ መውሰድ ያልቻለ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ በአፍንጫ ወደ ሆድ የሚወርድ ቱቦ ይገባለታል፤ በዚህ መንገድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት መቆየት ይቻላል። ርዝመቱ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ደረት አጥንት መጨረሻ ይለካል፤ በአፍንጫው ቀዳዳ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ቁጥሩም በካርዱ ይጻፋል። አየር ገፍቶ ሆድ ላይ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ቱቦው ሆድ መግባቱን አያረጋግጥም፤ ሳንባ ውስጥ ያለ ቱቦም ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ከቱቦው የተሳበው ፈሳሽ አሲድነትን በሚለካው የፒኤች ወረቀት 5.5ና ከዚያ በታች ሲሆን ሆድ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ፣ ፈሳሽ ካልተሳበ ወይም ሕመምተኛው የሆድ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰደ ንባቡ ከፍ ካለ ራጅ ይነሣል። ከየምግቡ በፊት፣ ከሳለና ካስመለሰ በኋላ ምልክቱ ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ ይታያል።

ምግቡ ከ200 እስከ 300 ሲሲ ፕላንጀሩ በወጣለት ሲሪንጅ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይደረጋል፤ በፕላንጀር አይገፋም፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይነሣል፣ ከምግቡ በኋላም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንዲሁ ይቆያል። በመጨረሻ 30 ሲሲ ንጹሕ ውሃ ይከተላል። ቤት የተሠራ አጥሚት በወንፊት ካልተጠለለ ቱቦውን ይደፍናል፤ ጠዋት ተሠርቶ በፔርሙዝ ለብ ብሎ እስከ ማታ የሚቆይ ወተት ያለበት አጥሚት ደግሞ ጀርም ያፈራና ተቅማጥ ያመጣል፤ ሁለት ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ኪኒን መፍጨት ሳይጠየቅ የሚደረግ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቶቹ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ይፈጫሉ። ቀስ ብሎ እንዲሠራ የተዘጋጀ ኒፊዲፒን ከተፈጨ ግን የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቅና የደም ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ስትሮክ ለያዘው አንጎል ይህ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ሆድ እንዳይጎዳ የተለበጠ አስፕሪንና የኦሜፕራዞል ካፕሱል ፍሬዎችም አይፈጩም። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይን ከቱቦ ምግብ ጋር ሲቀላቀል በደም ውስጥ መጠኑ ስለሚቀንስ ምግቡ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊትም በኋላም ይቆማል። እያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ ይሰጣል፣ በመካከል ውሃ ይከተላል።

ፈረቃ ሲለወጥና ቤት ሲኬድ

ብዙው ጥረት የሚፈርሰው በርክክብ ላይ ነው። የቀን ነርስ ደረጃ 3 ብላ ትወስናለች፤ ማታ የመጣው የአጎት ልጅ ሻይ ያጠጣል። ከራስጌው በላይ በትልቁ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ይቀንሳል፤ የሚሰጠው ውፍረት፣ የሻይ ማንኪያ ሥዕል፣ የመቀመጫ ሥዕል፣ የተከለከለው፣ ቀጣዩ ፈተሻ መቼ እንደሆነ። ሐዋሳ ላይ በአማርኛ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ሲዳምኛና ወላይትኛ፣ ከሻሸመኔ በኩል ለሚመጣው ኦሮምኛ ያስፈልጋል፤ ማንበብ ለማይችለው ሥዕሉ ይናገራል። በየሦስት ሰዓቱ የሚቀያየሩ አስታማሚዎች ካሉ ቤተሰቡ ሁለት ሰው እንዲመድብ ይጠየቅ፤ ነርሷም ለእነዚያ ለሁለቱ አንድ ምግብ አብልታ ታሳያለች፣ ቀጣዩን እነርሱ ሲያበሉ ቆማ ታያለች።

የአብዛኛው ሕመምተኛ መዋጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሻሻላል። ስለዚህ ዕለታዊ ፈተሻ ሁለት ጥቅም አለው፤ የባሰውን ይይዛል፣ የተሻለውንም በከንቱ ከመከልከል ያድናል። ሁለት ሳምንት ያለ ምክንያት ቱቦ የተሸከመ ሰው ማየት ያሳዝናል።

ወደ ቤት ሲሸኝ ቤተሰቡ ሊያውቃቸው የሚገቡ ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ ትኩሳት፣ የተፋጠነ ትንፋሽ፣ መልኩ የተለወጠ አክታ፣ ከምግብ በኋላ ውሃ የያዘ ድምፅ፣ ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ጥቂትና የጠቆረ ሽንት። አንዱ ከታየ በአፍ መስጠት ይቆምና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይደረሳል። በድንገት ታንቆ ማሳልም መናገርም ካቃተው ውሃ አይሰጠውም፣ ጣትም ሳያዩ አይከተትም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ተደርጎ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ይመታል፣ ካልወጣ ከኋላ ታቅፎ በጡጫ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ይጫናል፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ ይፈራረቃሉ። ራሱን ከሳተ መሬት ላይ ተጋድሞ ደረቱ ላይ መጫን ይጀመራል፣ ሌላው ሰው አምቡላንስ ይጠራል። ይህን አስታማሚው ከመሸኘቱ በፊት በነርሷ ፊት አንድ ጊዜ በእጁ ሠርቶ ማሳየት አለበት።